የትምህርት ቤት አለቃ ማን ይሁን?

ጠዋት ታቦር ተራራ ሥር ቆሞ፥ ደብተሩን ይዞ የሚጎርፈውን ሕፃን ያየ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ የዚህን ሁሉ ልጅ ትምህርት ቤቶች የሚመራ ሰው በምን ይመረጥ? በዲግሪ ወይስ በሹመት?

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በልጅነታቸው ከመቅደላ ተወስደው ሕንድ ያደጉ፥ ሙያቸውም ሕክምና እንጂ መምህርነት አይደለም። ሆኖም ዘመናዊ ትምህርትን ከውስጥ ያውቁታል፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ኢትዮጵያዊ ስንት ነበር?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ለረጅም ዘመን ያዙት። ለትምህርት ክብር ነበር፤ አይካድም። ግን ሥራው ሲበላሽ ማን ይጠየቅ? ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ!

«እንግዲያው ባለሙያ ይምራው» እንበል። በ1964 ዓ.ም. የተጠናውን «ሴክተር ሪቪው» ያዘጋጁት የአገርና የውጭ ባለሙያዎች ናቸው። ዲግሪ አልጎደላቸውም። ጥናቱ ግን ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። አብዛኛውን ልጅ ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ ሊያሰናብት ነው ሲባል ወላጅ ተቆጣ፤ የካቲት 1966 መምህራኑ ሥራ አቆሙ። የቀረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አመራሩ ዴሞክራሲያዊም ሙያዊም ይሁን አለ። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ማስቀመጡ ደግ ነው። እኔ ብሆን ታቦር ላይ የሚሾመውን ሰው፥ የዲግሪውን ወረቀት ሳላይ በፊት፥ እንዲህ እለዋለሁ፦ ስንት ዓመት ጠመኔ ይዘዋል? ወላጅስ «ለምን?» ብሎ ቢሮዎ ሲመጣ ይቀበሉታል?