የብራውዘር ታሪክ እና የሰው ምስጢር



እንደሚታወቀው ዛሬ በየቤታችን ስልክ አለ። በስልኩ ዜና ስናነብ ወይም ሐኪም የነገረንን የበሽታ ስም ጽፈን ስንፈልግ የምንገባበት በር «ብራውዘር» ይባላል። በሩን ማን ሠራው? ገቢ ወጪውንስ ማን ይመዘግባል? ታሪኩን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን ብራውዘር በ1990 የሠራው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ-ሊ ሲሆን፣ ይኸውም በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ነው። ተቋሙም በ1993 ሥራውን ያለ ክፍያ ለሕዝብ ለቀቀው። በ1994 ኔትስኬፕ ወጣ። ኩኪ የሚባለውም የተፈጠረው እዚያ ነው። ኩኪ ማለት ድረ ገጹ ሰውየውን ለይቶ እንዲያውቅ በመሣሪያው ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ማስታወሻ ነው። መጀመሪያ ለመገበያያ ታስቦ ነበር፤ በኋላ ግን ማስታወቂያ ነጋዴዎች ሰውን ከገጽ ገጽ እየተከተሉ የሚመዘግቡበት ሆነ።

ማይክሮሶፍት በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አወጣ። ቆይቶም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሰጠው የኔትስኬፕ ገበያ ወደቀ። በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ ኔትስኬፕም በዚያው ዓመት የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለማንም ክፍት አደረገው። ከዚያ ሞዚላ ተወለደ፣ በ2004 ፋየርፎክስ ወጣ። ጉግል ክሮምን ያወጣው በ2008 ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የጉግል ገቢ ግን አብዛኛው ከማስታወቂያ ነው።

ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ከ1983 ጀምሮ «ነጻ ፕሮግራም» እያለ ያስተማረው ዋጋ የሌለውን ማለቱ አይደለም። ሰው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ማንበብ፣ ማሻሻልና ለሌላ ማካፈል ይችል ዘንድ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የእድራችንን ደንብ ማንም አባል ያነባል፣ በጉባኤ ይሻሻላል፣ ሒሳቡም ይመረመራል። ደንቡ ተቆልፎ «ዝም ብላችሁ ክፈሉ» ብንባል ማን እሺ ይላል?

ታዲያ ምን እንምረጥ? ፋየርፎክስ ጽሑፉ ክፍት ነው፤ ከ2019 ጀምሮም ብዙዎቹን ተከታታይ ኩኪዎች ራሱ ያግዳል። ሆኖም ዋና ገቢው ከጉግል ስለሚመጣ እሱንም ቢሆን በዓይነ ቁራኛ ማየት ነው። ቶር የተባለው ደግሞ መልእክቱን በሦስት ጣቢያ ያዞራል፤ ይዘገያል እንጂ ምስጢር ይጠብቃል። «የግል መስኮት» የሚባለው ግን ታሪኩን ከስልካችን ያጠፋል እንጂ ከቴሌም ሆነ ከድረ ገጹ አይሰውርም።

እኔ በጸሐፊነት ስሠራ የሰው ማኅደር ያለ ፈቃድ አይከፈትም ነበር። የጎረቤታችን የሕመሙ ነገርም ማኅደሩ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ጠይቀን ዛሬውኑ እናስተካክል።

ቸር ይግጠመን።