ከሸንኮራ አገዳ እርሻ እስከ ምሕንድስና ትምህርት ቤት፦ የሃዋይ ኮሪያውያን መዋጮ ታሪክ

ማኅበር ያለ መዋጮ አይቆምም፤ መዋጮም ያለ ዓላማ አይበረክትም። ዕድርና ዕቁብ ላሳደገው ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ከድኻ የቀን ሠራተኞች እጅ የወጣ ገንዘብ ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሕር ተሻግሮ የምሕንድስና ኮሌጅ ሆኖ ሲገኝ፣ ያለፈበትን መንገድ መመርመር ለማንኛውም ማኅበር፣ ይልቁንም እንደ እኛ ላለው የመሐንዲሶች ስብስብ ይጠቅማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሃዋይ ደሴቶች የሰፈሩት ኮሪያውያን መሰብሰቢያቸውንና ትምህርት ቤታቸውን በመዋጮ እንዴት እንዳቆሙ፣ ገንዘቡ እንዴት እንዳከራከራቸው፣ በመጨረሻም የደረሰበትን ፍሬ ባጭሩ ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች

ጌሊክ የተባለችው መርከብ አንድ መቶ ያህል ኮሪያውያንን ይዛ ሆኖሉሉ ወደብ የደረሰችው ጃንዋሪ 13 ቀን 1903 ነበር። መንገደኞቹ የተነሡት ከኢንቾን ወደብ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በዚያው ከተማ የሚገኘው የኔሪ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። ከአገራቸው ያስወጣቸው ረኀብና የኑሮ መክበድ ነው። የሃዋይ የስኳር ባለ እርሻዎች ደግሞ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሠራተኛቸው ጃፓናዊ ስለ ነበረና ሥራ ማቆም ስለ በዛባቸው፣ ከሌላ አገር የሚመጣ ጉልበት ይፈልጉ ነበር። በሴኡል የነበረው የአሜሪካ መልእክተኛ ሆራስ አለን ጉዳዩን ከኮሪያ ቤተ መንግሥት ጋር ተነጋግሮ አመቻቸ።

እስከ 1905 ድረስ ከሰባት ሺህ የሚበልጡ ኮሪያውያን ወደ ሃዋይ ተሻገሩ። አብዛኞቹ ወንደላጤዎች ነበሩ። የሥራው ጊዜ በቀን አሥር ሰዓት፣ ደመወዙም በወር 16 ዶላር ያህል ነበር። ሠራተኛው በስሙ ሳይሆን «ባንጎ» ተብሎ በሚጠራው፣ በአንገቱ በሚያንጠለጥለው የብረት ቁጥር ይታወቅ ነበር። በ1905 ፍልሰቱ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ጃፓን ኮሪያን በሞግዚትነት ያዘች፤ በ1910 ደግሞ ጨርሳ ጠቀለለቻት። በመሆኑም በሃዋይ የነበሩት ሰዎች የሚመለሱበት መንግሥት፣ አቤት የሚሉበትም ቆንስላ አጡ። እንደ ጃፓን ተገዢዎች መቆጠርን ደግሞ አጥብቀው ጠሉት።

መሰብሰቢያው ቤት

ስደተኞቹ ገና ከመድረሳቸው በየእርሻው ሰፈር የመንደር ሸንጎ አቋቋሙ። ሸንጎው ጠብ ያበርዳል፤ የታመመውን ያስታምማል፤ የሞተውን ይቀብራል። ሥራው ከእኛ ዕድር እምብዛም አይለይም። እንዲሁም «ኬ» የሚሉት፣ ገንዘብ በየተራ የሚደርስበት፣ ከዕቁብ ጋር የሚመሳሰል ልማድ ነበራቸው። በ1903 መጨረሻ ላይ በሆኖሉሉ የመጀመሪያው የኮሪያውያን ጸሎት ቤት ተመሠረተ። በ1909 ደግሞ በሃዋይና በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩት ማኅበራት ተባብረው የኮሪያ ብሔራዊ ማኅበርን አቆሙ።

የማኅበሩ የዓመት መዋጮ አምስት ዶላር ነበር። ይህ ቁጥር ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በወር ሃያ ስድስት ቀን እየሠራ 16 ዶላር የሚያገኝ ሰው አምስት ዶላር የሚያጠራቅመው የስምንት ቀን ሙሉ ድካሙን ሰጥቶ ነው። ከዚህ ሌላ ለጸሎት ቤት፣ ለጋዜጣ፣ ለትምህርት ቤትና በስደት ለሚታገሉ መሪዎች የሚሰጠው ነበረ። ሴቶቹ በ1919 የራሳቸውን የመረዳጃ ማኅበር አቋቁመው፣ ምግብ አዘጋጅተው በመሸጥ ጭምር ገንዘብ እየሰበሰቡ በዚያው ዓመት ማርች ወር በተነሣው የነጻነት እንቅስቃሴ ለተጎዱት ቤተ ሰቦች ይልኩ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ይህን ያህል የሰጡት ለምንድን ነው? መልሱ በ1913 በካሊፎርኒያ ከሆነው ይገኛል። ሄሜት በተባለ ስፍራ ፍሬ ለመልቀም የሄዱ ኮሪያውያንን ነዋሪዎቹ ባባረሩአቸው ጊዜ፣ የጃፓን ቆንስላ «ተገዢዎቼ ናቸው» ብሎ ጉዳዩን ሊይዝ ተነሣ። የኮሪያ ብሔራዊ ማኅበር ግን ቆንስላው እንደማይወክላቸው ለዋሺንግተን በቴሌግራም አስታወቀ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንም ኮሪያውያንን የሚመለከት ነገር በማኅበሩ በኩል እንዲታይ ተስማማ። አገር ለሌለው ሕዝብ በአምስት አምስት ዶላር የቆመው ጽሕፈት ቤት እንደ ቆንስላ አገለገለ ማለት ነው። መሰብሰቢያው ቤት ከዝናብ መጠለያነት ያለፈ ዋጋ የነበረው ስለዚህ ነው።

መዋጮና ጠብ

የተሰበሰበ ገንዘብ ባለበት ሁሉ ግን «ማን ይዘዝበት?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። በ1914 የሃዋይ ኮሪያውያን በሆኖሉሉ ሚለር ጎዳና ላይ የማኅበራቸውን አዳራሽ አቆሙ። አንድ ዓመት ሳይሞላ በማኅበሩ ገንዘብ አያያዝ ላይ ክስ ተነሣና አመራሩ ተለወጠ። ከክሱ ጀርባ የሁለት ሰዎች አሳብ ይታገል ነበር። አንደኛው፣ ፓክ ዮንግማን፣ ነጻነት በጦር ኃይል ይመለሳል ብሎ ስለሚያምን በኦዋሁ ደሴት ወጣቶችን ውትድርና የሚያስተምር ሰው ነበር። ሁለተኛው፣ በኋላ የደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ሲንግማን ሪ፣ በትምህርትና በዲፕሎማሲ መንገድ ያምን ነበር። ሠራተኛው መዋጮውን ይዞ በሁለቱ መካከል ተከፈለ። ጠቡ ሳይበርድ ቆይቶ በ1931 አዳራሹን ለመያዝ እስከ መደባደብ ተደረሰ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ቀረበ።

በዚያው በ1931 ሌላም ኪሳራ ደረሰ። የሪ ደጋፊዎች በ1925 አክሲዮን ሸጠው አንድ ኩባንያ አቋቁመው፣ በትልቁ ደሴት በኦላአ አጠገብ የደን መሬት ገዝተው ነበር። ዕቅዱ ሽማግሌ ሠራተኞች የሚሰፍሩበት መንደር ለመመሥረትና ከደኑ ከሰል እያከሰሉ ለመሸጥ ነበር። ዓላማው በጎ ነበረ፤ ሥራው ግን አላዋጣም። ኩባንያው ሲዘጋ የብዙ ሰዎች ጥሪት አብሮ ጠፋ። በጎ አሳብ ያለ ጥናትና ያለ ገበያ የት እንደሚደርስ ለመሐንዲስ መንገር ቀባሪን ማርዳት ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ

በዚህ ሁሉ ጠብ መካከል አንድ ነገር ቀስ እያለ አደገ፤ እርሱም ትምህርት ቤት ነው። ሪ በ1913 ሆኖሉሉ ሲደርስ በሜቶዲስት ሚሲዮን ሥር የነበረውን የኮሪያውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲመራ ተሾመ። ከሚሲዮኑ ጋር ሳይስማማ በመቅረቱ በመጀመሪያ ለሴቶች ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1918 ይኸው ተቋም ወንዶችንና ሴቶችን አንድ ላይ የሚያስተምር የኮሪያ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሆነ። በየእርሻው ሰፈር ተበታትነው የነበሩ ልጆች እዚያ እያደሩ በእንግሊዝኛ ይማሩ፣ የአባቶቻቸውንም ቋንቋ ይጠብቁ ነበር።

በ1923 የበጋ ወራት ሃያ ተማሪዎች ለትምህርት ቤቱ ሕንፃ ገንዘብ ለመለመን ወደ ኮሪያ ተሻገሩ። አብዛኞቹ የወላጆቻቸውን አገር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። በየከተማው እየዘመሩና ከአገሬው ወጣቶች ጋር ኳስ እየተጫወቱ ዞሩ። በባዕድ አገዛዝ ሥር ያለ ሕዝብ በስደት ላሉት ልጆቹ ትምህርት ቤት ገንዘብ ማዋጣቱ በእውነቱ የሚያስደንቅ ነው። መዋጮው የሚሄደው ከስደተኛው ወደ አገር ቤት ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

በ1938 የሪ ተከታዮች የሆኑት ምእመናን በሆኖሉሉ ሊሊሃ ጎዳና ላይ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲያስመርቁ፣ የፊቱን ገጽ በሴኡል ቤተ መንግሥት በር በጉዋንግሁዋሙን አምሳል አሠርተውት ነበር። በሩን በአገሩ ለማየት ዕድል ያላገኘ ልጅ በየሰንበቱ በአምሳያው ሥር ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ሽያጩና ኢንሃ

የኮሪያ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በ1947 ተዘጋ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ኮሪያ በ1945 ከጃፓን አገዛዝ ወጥታለች፤ የስደተኞቹም ልጆች በሃዋይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር። የተሠራበት ዓላማ በሌላ መንገድ ተፈጽሟል። የቀረው መሬትና ቤት ነው። እዚህ ላይ ማኅበርተኞቹ ከባድ ምርጫ ገጠማቸው፤ ንብረቱን ለትዝታ ማቆየት፣ ለየራስ መከፋፈል፣ ወይም ዓላማውን ይዞ ወደ ሌላ ሥራ መለወጥ።

ሦስተኛውን መረጡ። መሬቱ ተሸጦ የተገኘው 150,000 ዶላር ያህል ገንዘብ ወደ ኮሪያ ተላከ። የመጀመሪያው ፍልሰት ሃምሳኛ ዓመት መታሰቢያ ሆኖ፣ መንገደኞቹ በተነሡበት በኢንቾን ከተማ አንድ የምሕንድስና ኮሌጅ እንዲቋቋም ተወሰነ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበረው ሪ ኮሌጁ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምን እንዲመስል ይመኝ ነበር። መንግሥትና የአገር ውስጥ ለጋሾችም የበኩላቸውን ጨመሩ። ጦርነቱ ጋብ ባለ በዓመቱ፣ በ1954፣ ኮሌጁ በብረታ ብረት፣ በሜካኒካል፣ በማዕድን፣ በኤሌክትሪክ፣ በመርከብ ሥራና በኬሚካል ምሕንድስና ክፍሎች ሥራውን ጀመረ። ስሙም ኢንሃ ተባለ፤ «ኢን» ከኢንቾን፣ «ሃ» ከሃዋይ የተወሰደ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት የእኛም ወገኖች በዚያ ምድር ነበሩ። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር በ1951 ፑሳን ወደብ ደርሶ በየተራ ሲዋጋ፣ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን እዚያው ወደቁ። የሃዋይ ሠራተኞች ጥሪት ትምህርት ቤት ሊሆንባት የቻለችው አገር በእነርሱም ደም የቆመች ናት። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ የሴኡል ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በ2004 በአዲስ አበባ፣ ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለውን ሕክምና ቤት ከፍተዋል።

ከታሪኩ የምናገኘው

የሲንግማን ሪ ስም ዛሬም ያከራክራል። በ1960 ተማሪዎች ባስነሡት ሕዝባዊ ዓመፅ ከሥልጣን ወርዶ በ1965 በስደት በሆኖሉሉ ሞተ። በኢንሃ ግቢ ቆሞለት የነበረውን ሐውልት በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ተማሪዎች አወረዱት። የኮሌጁ ስም ግን አልተነካም። መጠሪያው ከመሪው ሳይሆን ከሰጪዎቹ የተወሰደ ስለሆነ፣ የመሪው ዕጣ አልደረሰበትም። ኮሌጁም አድጎ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ መዝገብ ነው። የኮሪያ ብሔራዊ ማኅበር በሎስ አንጀለስ ጀፈርሰን ጎዳና ላይ በ1938 ያስመረቀው ሕንፃ በ2003 ሲታደስ፣ ከጣራው ሥር በሺህ የሚቆጠሩ የማኅበሩ ሰነዶች ተገኙ። ጣራው ውሃ አሳልፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በጠፋ ነበር። የሕንፃ ጥገና ለወትሮው የወጪ ራስ ምታት ሆኖ ይታየናል፤ ለማኅበር ግን የማስታወሻ ጥበቃም ነው። በሆኖሉሉ የነበረው ጠብ እንደሚያስረዳው ደግሞ፣ አባላቱ አዘውትረው የማያዩት ሒሳብ በመጨረሻ ወዳጅን ከወዳጅ ይለያል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ሚለር ጎዳና ላይ የነበረው አዳራሽ ለጠብ ምክንያት የሆነው አባላቱ ግድግዳውንና መሪውን ከዓላማው ስላስቀደሙ ነው። የኦላአው ኩባንያ የከሰረው በጎ ዓላማው ያለ በቂ ጥናት ስለ ተጀመረ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ዓላማው ግልጥ ነበር፤ ልጆችን ማስተማር። ስለዚህ ቤቱ ሲያረጅ ተሸጦ፣ ዓላማው ሌላ ቤት ማግኘት ቻለ።

ውድ የሙያ ባልደረቦች! እኛም በየዓመቱ መዋጮ እንከፍላለን፤ ስለ አዳራሽ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ ወጣት መሐንዲሶች መርጃ እንነጋገራለን። አዳራሹ ይሠራ፤ መሰብሰቢያ የሌለው ማኅበር ማኅበር አይባልም። ነገር ግን የመሠረት ድንጋዩ ከመጣሉ በፊት ሁለት ነገሮች በጽሑፍ ይቀመጡ፤ ሕንፃው የሚያገለግለው ዓላማ፣ እንዲሁም ማገልገል ያቆመ ዕለት ገንዘቡ የሚሄድበት ስፍራ። በአንገታቸው ቁጥር አንጠልጥለው አገዳ የቆረጡት ሰዎች አብዛኞቹ ኢንሃን ሳያዩ ሞተዋል፤ በስሙ ውስጥ ግን አሉበት።