ሁለንተናዊ አገልግሎት (በኢሉባቦር)

ሁለንተናዊ አገልግሎት ወንጌልን መስበክንና ረሃብን፣ ድህነትንና በሽታን መከላከልን የማይነጣጠል አንድ ተልእኮ አድርጎ የሚይዝ ክርስቲያናዊ አስተምህሮና አሠራር ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኘው ኢሉባቦር ይህን አስተምህሮ ከሚወክሉት አንዱ መቀመጫውን መቱ ያደረገው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የኢሉባቦር ቤቴል ሲኖዶስ ነው። የአገልግሎቱ ሥር በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያን ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን በጎሬና በደምቢ ዶሎ ሕክምናንና ትምህርትን ከስብከት ጋር ካጣመሩበት ሥራ ይመዘዛል። መርሁን መካነ ኢየሱስ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ይፋ አደረገች፤ ለጋሾች ልማትን እየደገፉ ስብከትን ማግለላቸው ሰውን ለሁለት መክፈል ነው አለች።

ኢሉባቦር ደን፣ ዝናብና ቡና ያላት አካባቢ በመሆኗ ድህነት የድርቅ ውጤት ብቻ አለመሆኑን ታሳያለች፤ መንገድ፣ ትምህርት፣ ጤናና የቡና ዋጋም ይወስኑታል። በ1984–85 እ.ኤ.አ. ረሃብ ጊዜም መንግሥት ከሰሜን ያፈናቀላቸውን ሰፋሪዎች ተቀብላለች። እርዳታ ሃይማኖት ማስቀየሪያ ይሆናል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መልሱም እርዳታው ያለ ልዩነትና ያለ ቅድመ ሁኔታ መሰጠቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን መንፈሳዊውን ብቻ ትያዝ ለሚሉትም መልስ አለ፤ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የተራበን በባዶ ቃል ማሰናበትን ስለሚነቅፍ፣ እንጀራን ማካፈል የእምነት ተጨማሪ ሳይሆን ፍሬው ነው።