ድምፁን ያጣ ኮምፒዩተር፦ የድምፅ ድራይቨር አጭር ታሪክ

እንደሚታወቀው ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚሠራው በሁለት ነገሮች ቅንጅት ነው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው አካል ሲሆን፣ ሁለተኛው አካሉን የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያስተረጉም አነስተኛ ፕሮግራም አለ፤ እርሱም ድራይቨር ይባላል። አስተርጓሚው ከሌለ ሁለቱም ወገኖች ጤነኞች ሆነው ሳለ መግባባት አይችሉም። ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው በድምፅ ላይ ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ታድሶለት ሲነሣ ስክሪኑ ይበራል፤ ኪቦርዱም ይታዘዛል፤ ለእነዚህ ቀድሞ የተስማሙበት የጋራ ቋንቋ አለና። ድምፁ ግን ሊጠፋ ይችላል። ድምፅ ማውጫው አልተበላሸም፤ ሽቦውም አልተበጠሰም፤ የጠፋው አስተርጓሚው ነው።

ትክክለኛውን አስተርጓሚ ፈልጎ ማግኘት ስለ ምን አስቸጋሪ ሆነ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በድምፅ መሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራይቨር ያላስፈለገበት ዘመን

የአሜሪካው አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ለሕዝብ ያስተዋወቀው በነሐሴ ወር 1981 ነበር። የዚህ መሣሪያ የድምፅ ክፍል በመሠረቱ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማውጫና ኢንቴል 8253 የተባለ የጊዜ መቁጠሪያ ቺፕ ነበር። ቺፑ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ያህል የሚመታ ምት ይቀበላል፤ ፕሮግራሙም ይህ ምት ለስንት እንዲካፈል እንደሚፈለግ በቁጥር ይነግረዋል። ለምሳሌ ያህል የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚቃኙበትን፣ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ለማውጣት 2712 የሚለውን ቁጥር ሰጥቶ የድምፅ ማውጫውን መንገድ መክፈት ይበቃ ነበር።

አሠራሩ ደካማ ነበር። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቃና በላይ በቀላሉ አያወጣም፤ የድምፁን ጉልበት ለመጨመርና ለመቀነስም መቆጣጠሪያ የለውም። ሆኖም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። የአይ.ቢ.ኤም.ን አሠራር ተከትለው የተሠሩት ኮምፒዩተሮች ይህንኑ የድምፅ አሠራር በዚያው አድራሻ ያስቀመጡት ስለ ነበር፣ የአንዱ ቋንቋ የሁሉም ቋንቋ ሆነ። ድራይቨር መፈለግ የሚባል ችግር አልነበረም።

ሦስቱ ቁጥሮች

በካናዳ አገር በላቫል ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ መምህር የነበሩት ማርቲን ፕሬቬል ያቋቋሙት አድሊብ የተባለ ኩባንያ በ1987 ለኮምፒዩተር የሚሰካ የሙዚቃ ካርድ ለገበያ አቀረበ። የካርዱ ልብ የጃፓኑ ያማሃ የሠራው ዋይ.ኤም. 3812 ቺፕ ነበር። ቺፑ የአንዱን ሞገድ ፍሪኩዌንሲ በሌላው ሞገድ እያለዋወጠ አዲስ ቃና የሚፈጥር ሲሆን፣ ይህን ዘዴ ያገኙት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ቻውኒንግ በ1967 ነበር። ካርዱ በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ድምፆችን ማሰማት ይችል ነበር።

ነገር ግን ካርዱ በሁሉም ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኝ ስላልነበር፣ ፕሮግራሙ ከመዘመሩ በፊት ካርዱ መኖር አለመኖሩን መመርመር ግድ ሆነበት። የምርመራው ዘዴ ብልሃት የተሞላበት ነው። ፕሮግራሙ በቺፑ ውስጥ ያለውን ሰዓት ያስነሣል፤ 80 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይታገሣል፤ ከዚያም ሰዓቱ ሞልቶ እንደ ሆነ ይጠይቃል። የተጠበቀው መልስ ከመጣ ካርዱ አለ፤ ካልመጣ የለም። የኮምፒዩተር ድምፅ ማንነትን የመጠየቅ ታሪክ የተጀመረው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ነበር።

በ1989 ደግሞ ሲም ዎንግ ሁ ከባልደረባቸው ጋር በ1981 በሲንጋፖር ያቋቋሙት ክሪኤቲቭ የተባለ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተሰኘውን ካርድ አወጣ። ይህም ካርድ ያንኑ የያማሃ ቺፕ የያዘ በመሆኑ ለአድሊብ የተዘጋጀውን ሙዚቃ ሁሉ ያሰማ ነበር። ከዚህም በላይ የተቀዳ የሰው ንግግርንና ልዩ ልዩ ድምፆችን ማሰማት ቻለ።

ከዚህ ዕድገት ጋር ችግሩ አብሮ ገባ። ካርዱ እንዲሠራ ሦስት ቁጥሮች በትክክል መታወቅ ነበረባቸው። የመጀመሪያው ካርዱ የሚገኝበት አድራሻ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 220 ነበር። ሁለተኛው ካርዱ የተሰጠውን ሥራ ሲጨርስ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር ነው፤ ይህም በአብዛኛው 5 ወይም 7 ይሆናል። ሦስተኛው ድምፁ ከሜሞሪ ወደ ካርዱ በቀጥታ የሚፈስስበት መስመር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ነበር። ቁጥሮቹ የሚለወጡት በካርዱ ላይ የሚገኙትን ጃምፐር የተባሉ ትንንሽ መሰኪያዎች እየነቀሉ በማዛወር ነበር። መስመር 7ን ፕሪንተሩም ይጠቀምበት ስለ ነበር ሁለቱ መጋጨታቸው የተለመደ ነው። ቁጥሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ድምፁ ጥቂት ጀምሮ ይቋረጣል፤ ወይም አንዲቱን ቃል እየደጋገመ ይቀራል፤ አለዚያም ኮምፒዩተሩ በሙሉ ይደርቃል።

በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው ዶስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለ ድምፅ ካርዶች የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨዋታ ለየካርዱ ዓይነት የሚሆን የራሱን ድራይቨር ይዞ ይመጣ ነበር። ተጠቃሚውም ከዝርዝር ውስጥ የካርዱን ስም መርጦ ሦስቱን ቁጥሮች ያስገባል። የእውቀቱ ሸክም በፕሮግራም ጸሐፊውና በተጠቃሚው ጫንቃ ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው።

ሲጠሩት አቤት የሚል ካርድ

በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ይህን ሸክም አቀለለው። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ካርድ አንድ ድራይቨር ከተጫነ፣ በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ በእርሱ አማካይነት ድምፅ ማሰማት ቻሉ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ፒ.ሲ.አይ. የተባለውን የካርድ መሰኪያ ሥርዓት ሲያወጣ፣ እያንዳንዱ ካርድ የሠሪውንና የራሱን መለያ ቁጥር በውስጡ ይዞ ሲጠየቅ እንዲናገር ተደረገ። ካርዱ እንደ ጨዋ ልጅ ሲጠሩት አቤት ማለትን ተማረ። ኢንቴል ለራሱ የያዘው የሠሪ ቁጥር፣ የታዋቂው ፕሮሰሰሩ መጠሪያ የሆነው 8086 ነው። በነሐሴ ወር 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95ም እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች እያነበበ ድራይቨሩን ራሱ መፈለግ ጀመረ።

ይህም ሆኖ ፈላጊዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር ቀረ፤ እርሱም በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ነው። የአሜሪካው የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ኢንሶኒክ ኦዲዮ ፒ.ሲ.አይ. የተባለ ካርድ ያመርት ነበር። ኩባንያው በ1998 በክሪኤቲቭ እጅ ከገባ በኋላ የዚሁ ቤተሰብ ቺፖች ሳውንድ ብላስተር ፒ.ሲ.አይ. 64 እና ሳውንድ ብላስተር ፒ.ሲ.አይ. 128 በሚሉ ስሞች ጭምር ተሸጡ። ስለዚህ ሳውንድ ብላስተር የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ለቀድሞው ካርድ የተዘጋጀውን ድራይቨር የጫነ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የሠሪ ቁጥር 1274፣ የዕቃ ቁጥር 1371 የሚለውን ያነበበ ግን የቺፑን ማንነት ያለ ጥርጥር ያውቃል። ስም ከባለቤት ወደ ባለቤት ይዛወራል፤ በቺፑ ውስጥ የተቀረጸው ቁጥር ግን አይለወጥም።

አንድ ድምፅ፣ ሁለት ሠሪ

ኢንቴል በ1997 ያስተዋወቀው ኤ.ሲ. 97 የተባለው ሥርዓት የድምፁን ሥራ ለሁለት ከፈለው። ተቆጣጣሪው ክፍል ከማዘርቦርዱ ዋና ቺፖች ጋር ሲዋሐድ፣ ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ኮዴክ የተባለው ክፍል ለብቻው ቀረ። ኮዴኩን የሚሠሩት እንደ ሪልቴክና አናሎግ ዲቫይስስ ያሉ ሌሎች ኩባንያዎች ናቸው። ዋጋው ስለ ረከሰ ድምፅ በየማዘርቦርዱ ላይ ተገኘ፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ተቆጣጣሪ ያላቸው ሁለት ኮምፒዩተሮች የተለያየ ኮዴክ ሊኖራቸው ስለሚችል የአንዱ ድራይቨር ለሌላው ላይሆን ቻለ።

በ2004 የተተካው ኤች.ዲ. ኦዲዮ የተባለው ሥርዓት አንድ ሌላ ነገር ጨመረ። የኮዴኩ እግሮች ከየትኛው መሰኪያ ጋር እንደ ተያያዙ የሚወስነው የኮምፒዩተሩ ሠሪ ነው። በመሆኑም ድራይቨሩ ኮዴኩን በሚገባ እያወቀ የላፕቶፑ ውስጠኛ ድምፅ ማውጫ ዝም ብሎ፣ የጆሮ ማዳመጫው ብቻ ሊናገር ይችላል። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ለዚህ ሥርዓት ቀዳሚ በመሆኑ፣ ከድራይቨሩ በፊት ሌላ ማሟያ ፕሮግራም እንዲጫንለት ያስፈልግ ነበር። ይህን ቅደም ተከተል ያላወቀ ሰው ትክክለኛውን ድራይቨር በእጁ ይዞ ተሳስቻለሁ ብሎ ይጥለዋል።

በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የድምፁን ክፍል ከመሠረቱ እንደ አዲስ ሠራው። ባለ 64 ቢቱ ዓይነት ለ32 ቢት የተጻፈን ድራይቨር ከቶ አይቀበልም፤ ዲጂታል ፊርማ የሌለውንም ይከለክላል። ሠሪያቸው አዲስ ድራይቨር ያልጻፈላቸው ካርዶች አካላቸው ደህና ሆኖ ሳለ በአዲሱ ሥርዓት ላይ ድምፃቸውን አጡ።

የሁለት ኩባንያዎች ዕጣ

የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት ሁለት የከሰሩ ኩባንያዎችን በማነጻጸር ይገኛል። አድሊብ በ1992 ከሰረ። ድምፁ ግን አልሞተም፤ ምክንያቱም የያማሃን ቺፕ ሌሎችም ገዝተው በካርዶቻቸው ላይ ያውሉት ነበር፤ እንዴት እንደሚታዘዝም ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ያውቁ ነበር። ኩባንያው ሲጠፋ ቋንቋው ቀረ።

ሁለተኛው ኦሪያል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ቮርቴክስ የተሰኙት ቺፖቹ ድምፅን ከፊትም ከኋላም የመጣ አስመስለው በማሰማት የተደነቁ ነበሩ። ኩባንያው ከክሪኤቲቭ ጋር የነበረውን የፈጠራ መብት ክርክር በ1999 ቢረታም፣ ወጪውን ሊቋቋም ባለመቻሉ በ2000 ከሰረና ንብረቱን ያው ተከራካሪው ገዛው። የቺፑ ምሥጢር ለሕዝብ የተገለጸ ስላልነበር፣ የካርዱ ባለቤቶች ከሠሪው የሚጠብቁት አዲስ ድራይቨር አልኖረም። ለሊኑክስ የሚሆነውን ድራይቨር የጻፉት በጎ ፈቃደኞች የቺፑን ጠባይ ከውጭ እየመረመሩ መፍታት ነበረባቸው።

የሊኑክስ መንገድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ፊንላንዳዊው ሐኑ ሳቮላይነን በ1992 ለሳውንድ ብላስተር የጻፉት ድራይቨር ፈር ቀዳጅ ሆነ። በ1998 ደግሞ ቼካዊው ያሮስላቭ ኪሴላ አልሳ የተባለውን ሥራ ጀመሩ፤ እርሱም በ2003 መጨረሻ በወጣው የሊኑክስ 2.6 ዋና የድምፅ ሥርዓት ሆነ። የእነዚህ ድራይቨሮች ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ፣ ሠሪው የተወውን ካርድ ሌላ ሰው ሊጠብቀው ይችላል።

ከታሪኩ የሚገኘው ጥቅም

እንግዲህ የአሮጌ ኮምፒዩተርን ድራይቨር የሚፈልግ ባለሙያ በስም ሳይሆን በቁጥር መጀመር እንዳለበት ታሪኩ ያስረዳል። የሠሪውንና የዕቃውን ቁጥር አንብቦ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑን ይለያል። ላፕቶፕ ከሆነ የመሰኪያዎቹን አያያዝ የሚያውቀው የኮምፒዩተሩ ሠሪ ስለ ሆነ ፍለጋውን ከዚያ ይጀምራል። የካርዱ ጤንነት ካጠራጠረው ሳይጭን ሊኑክስን ከፍላሽ ቢያስነሣና ድምፅ ቢሰማ አካሉ ደህና መሆኑን ያረጋግጣል፤ ባይሰማ ግን ያ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ስክሪኑን ማየት ለማይችል ሰው ግን ኮምፒዩተሩ ጽሑፉን የሚያነብለት በድምፅ ነው፤ ድራይቨር የጠፋበት ኮምፒዩተር ለእርሱ መብራት እንደ ጠፋበት ቤት ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች በሰው እጅ አገልግለው ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቢሮ የሚገቡ ኮምፒዩተሮች የድራይቨር ዲስካቸውን ይዘው የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። ከእነዚህ መካከል ተበላሽቷል ተብሎ ወደ መጋዘን የሚወረወር ቢኖር፣ ሊድን የሚችለው ቁጥሩን የሚያነብለት ባለሙያ ሲያገኝ ነው።

መሣሪያ የሚነድፍ መሐንዲስም ከዚህ የሚማረው አለ። ዕቃው ከሠሪው በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ከእርሱ ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ተጽፎ ካልተላለፈ ግን ዕቃው በሕይወት ሳለ ዲዳ ሆኖ ይቀራል።