ብዕር ከሐሳብ ሲቀድም
የአንድሬ ማሶን ሕይወትና አንድ የቀለም ንድፍ

ሰው ከሥዕል ፊት ሲቆም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ይህ የምን ሥዕል ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ተገቢ ነው፤ ሠዓሊና ተመልካች ለብዙ ዘመን ሲግባቡ የኖሩት በዚሁ ጥያቄና በመልሱ አማካይነት ነውና። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ያየ ፈረሱንና ዘንዶውን ይለያል፤ የዐድዋን ሥዕል ያየ የወገንንና የጠላትን ሰልፍ ለይቶ ያውቃል። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ራሱ ብዕሩን ሲያነሣ ምን እንደሚሥል ያላወቀበት፣ ለማወቅም ያልፈለገበት ሥዕል ቢገጥመን ጥያቄያችንን ለማን እናቀርባለን?

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሥራዎች መካከል አንዱ ፈረንሳዊው አንድሬ ማሶን በ1924 የሠራው ንድፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ «አውቶማቲክ ንድፍ» ይባላል፤ የሚገኘውም በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ቁመቱ 23.5፣ ወርዱ 20.6 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከተማሪ ደብተር ገጽ እምብዛም አይበልጥም። የተሠራበትም ነገር ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው።

መሥመሮቹ ቀጫጭን ናቸው። ይጠማዘዛሉ፣ ይተጣጠፋሉ፣ አንዱ ሌላውን አቋርጦ ያልፋል፤ በአንዳንድ ስፍራ እንደ ተተበተበ ክር ይጠላለፋሉ፣ በሌላ ስፍራ ደግሞ ሳስተው ነጩን ወረቀት ይለቁታል። ላይና ታችን የሚለይ አድማስ የለም፤ ቅርቡን ከሩቁ የሚያስታውቅ ነገርም የለም። ረጋ ብሎ ለተመለከተ ግን ከመሥመሮቹ መካከል ጣት የሚመስል፣ የሰው ገላ ቁራሽ የሚመስል ነገር ብቅ ይላል፤ አሁን ሙሉ አካል ሊሆን ነው ብለን ስንጠብቅ ተመልሶ በመሥመሩ ውስጥ ይሰጥማል።

ይህን አይቶ «ሕፃን የሞነጫጨረው ነው» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ተመልካች መውቀስ አይደለም፤ መሥመሩ ከየት እንደ መጣ ማሳየት ነው። የመጣበት መንገድ ሲታወቅ ንድፉ የእጅ ጨዋታ ሳይሆን፣ ሰው አስቦ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር እጁ የተናገረበት ምስክርነት ሆኖ እናገኘዋለንና።

አንድሬ ማሶን የተወለደው በጃንዋሪ 1896 በሰሜን ፈረንሳይ ባላኒ በምትባል መንደር ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው ግን በቤልጅግ ዋና ከተማ በብሩክሰል ነው። ገና በ11 ዓመቱ በከተማይቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገብቶ መማር ጀመረ፤ ከትምህርቱም ጎን ለጎን በአንድ የጥልፍ ሥራ ቤት የጥልፍ ንድፍ ይሠራ ነበር። በ1912 ወደ ፓሪስ ተሻግሮ የግድግዳ ሥዕል ጥበብ ተማረ። ይህን አስቀድመን ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ከአእምሮ ቁጥጥር ነጻ እንድትሆን የተለቀቀችው እጅ ከልጅነቷ ጀምሮ መሥመር በማስመር የሠለጠነች እጅ ነበረች።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ማሶን የ18 ዓመት ወጣት ነበር። በተከታዩ ዓመት በእግረኛ ጦር ውስጥ ተሰልፎ በሶም ወንዝ ግንባር ተዋጋ። በኤፕሪል 1917 የፈረንሳይ ጦር ሽመን ዴ ዳም በተባለው ስፍራ ታላቅ ጥቃት ከፈተ፤ ጥቃቱም ከሽፎ እጅግ ብዙ ወታደር አለቀ። ማሶን በዚያ ውጊያ ደረቱን ክፉኛ ቆሰለ። ቃሬዛ የያዙት ሰዎች ሊያነሡት ስላልቻሉ መድፍ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሰማዩ በተኩስ ብርሃን ሲበራና ሲጨልም እየተመለከተ አደረ። ከዚያ በኋላ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዘዋወር ከረመ። የሰውነቱ ቁስል ቢሽርም መንፈሱ ግን አልተረጋጋም፤ ቁጣው ገንፍሎ ስለ ወጣም ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደ። ጦርነቱ ለመንግሥታት በ1918 ሲያበቃ ለማሶን ግን ገና አላበቃም ነበር።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ ብሎሜ መንገድ፣ ቁጥር 45 በሆነ ያረጀ ግቢ ውስጥ ሥራ ቤት ተከራየ። ለዕለት ጉርሱ በአንድ ወቅት ሌሊት ሌሊት የመንግሥት ጋዜጣ ጽሑፍ ያርም ነበር። በግድግዳ ብቻ የሚለየው ጎረቤቱ የካታሎኑ ሠዓሊ ዥዋን ሚሮ ነበረ። ወጣት ባለቅኔዎችና ጸሐፊዎች በዚያ ግቢ ይሰበሰቡ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል አንቶናን አርቶና ሚሼል ሌሪስ ይገኙበታል። በ1924 መጀመሪያ ላይ ማሶን ሥራዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ባለቅኔው አንድሬ ብረቶን «አራቱ ባሕርያት» የተባለውን ሥዕል ገዛ። ሁለቱ ሰዎች የተዋወቁትም በዚሁ ሰበብ ነው።

ብረቶን በጦርነቱ ዘመን የሕክምና ተማሪ ሆኖ አእምሯቸው የታወከ ወታደሮች በሚታከሙበት ስፍራ ያገለገለ ሰው ነው። የሱሪያሊዝምን መግለጫ ያወጣው በ1924 በልግ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም ሰው በህልሙና ባልተገራ ሐሳቡ ውስጥ ያለውን እውነት፣ የአመክንዮና የልማድ ዳኝነት ሳያግደው ያውጣ የሚል ነው። ባለቅኔዎቹ ይህን በጽሑፍ ይሞክሩት ነበር፤ ቃላት እንደ መጡ፣ ሳይታረሙ ይጻፋሉ። በሥዕል ግን እንዴት ይቻላል? የቅባት ቀለም ይበጠበጣል፣ ሸራ ይወጠራል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ይህ ሁሉ ለሐሳብ ጊዜ ይሰጣል። መልሱን ያገኘው ማሶን ነው፤ መሣሪያውም ብዕርና ቀለም ነበር።

አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ሠዓሊው አስቀድሞ የሚያስበው ርእሰ ነገር አይኖርም። አእምሮውን ከዕለት ጉዳይ ባዶ ያደርጋል፤ በውስጡ ለሚነሣው ሁከት ራሱን ይሰጣል፤ ከዚያም ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ፈጥኖ ይነዳዋል። ፍጥነት የግድ ነው፤ እጅ ከዘገየ ሐሳብ ደርሶ ይይዘዋልና። መሥመሩ ሲበዛ ቅርጽ ያለው ነገር መታየት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ማሶን አንዳንዱን እንዳለ ይተወዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ጥቂት መሥመር ጨምሮ ያጎላዋል። እንግዲህ ንድፉ ሁለት ጊዜ አለው፤ አንዱ እጅ ብቻዋን የምትሄድበት፣ ሁለተኛው ዐይን ደርሳ የምትቀበላት።

የእኛን አገር የመጽሐፍ ሥራ የሚያውቅ ሰው የዚህን ድፍረት መጠን ከማንም ይልቅ ይረዳል። የብራና ጸሐፊ ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን ይፍቃል፣ ዳርና ዳሩን ይወጋል፣ በቀዳዳዎቹም ልክ ያሰምራል፤ ፊደል የምትቀመጥበት ስፍራ ከፊደሏ በፊት ይዘጋጃል። ማሶን ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሳያሰምር ጻፈ።

ታዲያ እጁ በእርግጥ ነጻ ነበረች ወይስ ነጻ መሰለች? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚረዳን ነገር ባልታሰበ ስፍራ፣ በአገራችን በጎንደር እናገኛለን። ከብሎሜ መንገድ ባልደረቦች አንዱ የነበረውና በ1925 የወጣውን የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን በማሶን ሥዕሎች ያስጌጠው ሚሼል ሌሪስ፣ ከ1931 እስከ 1933 በማርሴል ግሪዮል መሪነት ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ በደረሰው የጥናት ጉዞ በጸሐፊነት ተካፍሏል። የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው ወርደው ወደ ፓሪስ የሄዱት በዚሁ ጉዞ ነው። ሌሪስ በ1932 በጎንደር ወራት ተቀምጦ በወይዘሮ መልካም አያሁ ቤት የዛር ሥርዓት ይከታተልና ይመዘግብ ነበር። በዚያም ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» እንደሚባል፣ የሚናገረውም ፈረሱ ሳይሆን ተቀማጩ እንደ ሆነ ሰማ።

ሌሪስ በ1958 ባሳተመው ጥናት ያነሣው ዋና ጥያቄ የዛር ፈረስ የሆነው ሰው ይተውናል ወይስ በእርግጥ ተይዟል የሚል ነበር። የደረሰበትም ሐሳብ በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ የሚል ነው፤ ሰው አስቦ የማይጫወተው፣ ነገር ግን እየኖረ የሚጫወተው ቲያትር አለ። በእርግጥም እያንዳንዱ ዛር የራሱ ፉከራ፣ የራሱ እንቅስቃሴ፣ የራሱ ልብስ አለው፤ ፈረሱም ይህን ሁሉ ከዘመን ወደ ዘመን በወረደ ልማድ ተምሮታል። መያዝም የሚማሩት ነገር ነው ማለት ነው።

ማሶን ከጎንደር ተማረ ማለታችን አይደለም፤ ንድፉ ከሌሪስ ጉዞ ሰባት ዓመት ያህል ይቀድማል። የምንለው፣ ጥያቄው አንድ ነው። የማሶን እጅ እንደ ዛር ፈረስ ተቀማጭ ነበራት፤ እርሱም በሽመን ዴ ዳም ጉድጓድ ውስጥ የተጫናት ነው። የሄደችበትን አረማመድ ግን ያስተማሯት የብሩክሰል አካዳሚና የጥልፉ ሥራ ቤት ናቸው። ሕፃን የሞነጫጨረውና ማሶን የሣለው የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ሕፃኑ ያልሠለጠነ እጅ አለው፣ ማሶን ግን የሠለጠነ እጁን ለቀቀው። የተለቀቀውም እጅ ደጋግሞ የሄደው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ተቆራረጠ ገላ።

ይህ አጋጣሚ አለመሆኑን የኋላ ሥራዎቹ ያረጋግጣሉ። በ1926 ሸራ ላይ ሙጫ አፍስሶ አሸዋ ይበትንበት፣ ያልተጣበቀውን አራግፎ በቀረው ቅርጽ ላይ መሥመር ይጨምርበት ጀመር። አሸዋው እንዳጋጣሚ ነው የወደቀው፤ የወጣው ሥዕል ግን «የዓሦች ፍልሚያ» ሆነ፤ ሹል ጥርስ ያላቸው ዓሦች የሚናከሱበትና ደም የሚመስል ቀይ ቀለም የፈሰሰበት። ከ1930 ጀምሮም «እልቂት» የሚባሉ ተከታታይ ንድፎች ሣለ። በ1936 ደግሞ ለጓደኛው ለዦርዥ ባታይ መጽሔት ራስ የሌለው ሰው ሥሎ ሰጠ። ርእሱ ይለዋወጥ እንጂ መሥመሩ ከዚያ ሌሊት አልወጣም።

ማሶን ለማንም ማኅበር ለረጅም ጊዜ የሚመች ሰው አልነበረም። በ1929 ከብረቶን ጋር ተጣላ፤ ብረቶንም በሁለተኛው መግለጫው ነቀፈው። በ1934 ወደ ስፔን ሄዶ በባሕር ዳር ከተማ ተቀመጠ፤ በ1936 ግን የእርስ በርስ ጦርነት ደርሶበት ወደ አገሩ ተመለሰ። ከብረቶን ጋር ከታረቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ተያዘች። ባለቤቱ ሮዝ የአይሁድ ተወላጅ ስለ ነበረች ስደት ግድ ሆነ። በ1941 ጸደይ ከማርሴይ ወደብ ተነሥተው በማርቲኒክ ደሴት በኩል ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ኒውዮርክ ሲደርስ የጉምሩክ ሠራተኞች ጓዙን ፈተሹ። ከንድፎቹ መካከል የራቁት ገላና የፍትወት ሥዕሎችን አግኝተው፣ ነውር ነው ብለው ዐይኑ እያየ ቀደዷቸው። ቁስለኛው ወታደር ከአንድ ጦርነት ተርፎ፣ ከሁለተኛው አምልጦ፣ የወረቀት መሥመሩ የተቀደደው ሰላም ባለበት ወደብ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የአሜሪካው ዘመን ከንቱ አልቀረም። በኮነቲከት ገጠር ተቀምጦ ብዙ ሠራ፤ በኒውዮርክም ዊልያም ሄይተር ባቋቋመው የኅትመት ሥዕል ሥራ ቤት ይሠራ ነበር። በዚያው ሥራ ቤት በ1944 እና በ1945 የሠራው ወጣቱ አሜሪካዊ ጃክሰን ፖሎክ በ1947 ሸራውን ወለል ላይ ዘርግቶ ቀለም ማፍሰስ ሲጀምር፣ በትንሽ ወረቀት ላይ የተጀመረው የማሶን ሙከራ የግድግዳ ስፋት አገኘ። ማሶን በ1945 ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በኤክስ ከተማ አካባቢ ኖረ። በ1965 የፓሪሱን የኦዴዮን ቲያትር ቤት ጣሪያ ሣለ፤ በኦክቶበር 1987 በ91 ዓመቱ አረፈ።

በ1976 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሕይወት ዘመን ሥራዎቹን ሰብስቦ ለሕዝብ አሳይቷል። ንድፎቹ በተቀደዱባት በዚያችው ከተማ የ1924ቱ ትንሽ ወረቀት በመስተዋት ተሸፍኖ ይጠበቃል። ልዩነቱን የፈጠረው የዓመታት ማለፍ ብቻ አይደለም። የጉምሩኩ ሠራተኛም የምን ሥዕል እንደ ሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ጥፋቱ መጠየቁ ሳይሆን መልሱን ለማግኘት መቸኮሉ ነው። ማሶን እጁን ቀድማ እንድትሄድ ከፈቀደ በኋላ ዐይኑ እስክትደርስ ታግሷል። ተመልካችም ይህንኑ ያህል ቢታገሥ፣ ከተተበተበው መሥመር መካከል በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተንጋሎ ንጋትን የሚጠብቅ ወጣት ሊታየው ይችላል።