ምላጩን 38 ዓመት የጠበቀ ማሽን

በ1808 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ኒውቤሪ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ የመጋዝ ማሽን በስሙ አስመዘገበ። ሁለት መንኮራኩሮች ከላይና ከታች ይቆማሉ፤ ጥርስ ያለው ቀጭን የብረት ጥብጣብ እንደ ቺንጋ ይዞርባቸዋል፤ እንጨቱ መሐል ባለው ጠረጴዛ ላይ እየተገፋ ይቆረጣል። የእጅ መጋዝ ሄዶ ይመለሳል፤ ይሄኛው መመለስ አያውቅም። ዛሬ ባንድ ሶው እየተባለ የሚሸጠው ማሽን ከዚህ ንድፍ ብዙም አልራቀም።

ግን ምላጩ ይበጠስ ነበር።

ጥብጣቡ መንኮራኩር ላይ ሲወጣ ይታጠፋል፣ ሲወርድ ይቃናል። ዛሬ በየቤቱ ወርክሾፕ ባለው ባለ 14 ኢንች መንኮራኩር ማሽን ላይ 2.4 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ምላጭ በደቂቃ 900 ሜትር ያህል ይሮጣል። ይህ በደቂቃ ከ350 ዙር በላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ መታጠፉ ሁለቴ ነው። በኒውቤሪ ዘመን የነበረው ብረት ይህን አይችልም፤ ሁለቱ ጫፎች የሚጋጠሙበት ብየዳማ ከሁሉ ቀድሞ ይለቃል። ማሽኑ ተፈልስፎ ያለ ሥራ ተቀመጠ።

መፍትሔው ከፈረንሳይ መጣ። አን ፖሊን ክሬፐን የተባለች ሴት ጫፎቹን አጥብቆ የመበየጃ ዘዴ አግኝታ በ1846 አስመዘገበች፤ መብቱንም ፔሬን ለተባለው የፓሪስ ኩባንያ ሸጠች። ኩባንያው የተሻለ ብረት ጨመረበትና ባንድ ሶው በመጨረሻ ለገበያ በቃ። የማሽኑ እናት ክሬፐን ናት ቢባል አይበዛባትም፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ኒውቤሪን አስቀድመው እሷን በአንድ መስመር ያልፏታል። ወንበር ሠሪዎች ጠማማ እግርና መደገፊያ በፍጥነት መቁረጥ ቻሉ። ግንድ ሰንጣቂዎችም ተጠቀሙ፤ ቀጭኑ ምላጭ ከክብ መጋዝ ያነሰ ሰጋቱራ ስለሚያወጣ ከአንድ ግንድ የሚገኘው ጣውላ በዛ።

እነዚያ ማሽኖች ግን የፋብሪካ ነበሩ። ወደ ቤት ያስገባቸው በ1919 ሚልዎኪ፣ አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ዴልታ የተባለ ኩባንያ ነው። በ1930ዎቹ ያወጣው ባለ 14 ኢንች ባንድ ሶው አካሉ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ፣ በቡሎን የሚገጠም ሁለት ክፍል ነበር። ይህ አሠራር በኋላ ላይ ጠቀመ፤ መሐሉ ላይ የብረት ማስረዘሚያ በማስገባት የሚሰነጠቀውን እንጨት ቁመት ከ15 ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማድረስ ተቻለ። ታይዋን ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች ይህንኑ ንድፍ ቀዱት፤ በ1983 የተቋቋመው ግሪዝሊና ጄት የመሳሰሉት ኩባንያዎች ቅጂውን ከዋናው ባነሰ ዋጋ ለአሜሪካ ጓሮ አናጢዎች አቀረቡ። ኪሱ የሳሳ ሰው ዛሬም የሚያማርጠው በአብዛኛው ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ወይ አዲስ ቅጂ ወይ ያገለገለ ዴልታ።

ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ቀለሙን ሳይሆን አካሉን ይመርምር፤ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ከተሰነጠቀ ለብየዳ ያስቸግራል። የላይኛውን መንኮራኩር በእጁ አሽከርክሮ መወላገድ አለመወላገዱን ይይ። ከማሽኑ ጋር የመጣውን ምላጭ ግን አውልቆ ጥሩ ይግዛ፤ የክሬፐን መጋጠሚያ ዛሬም ፈታኝ ነው፤ ብየዳው በደንብ ያልተሞረደ ርካሽ ምላጭ በየዙሩ እንጨቱን ይመታል፣ የተቆረጠውም ገጽ ላይ መስመር ይተዋል።