ጉልሕ ጽሕፈት

ጉልሕ ጽሕፈት በጎንደር ዘመን፣ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለነገሥታትና ለመኳንንት በተጻፉ የብራና መጻሕፍት ጎልቶ የሚታይ ትልቅና ወፍራም የግእዝ ቁም ጽሕፈት ነው። ቋሚ እግሮቹ ደንዳና ናቸው፤ ማያያዣዎቹና ቅጥያዎቹ ግን ይቀጥናሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የመቃው ብዕር አፍ ነው፦ ሰፋ ተደርጎ ከተቆረጠ እግሩን ያወፍራል፣ በጎኑ ሲሄድ ደግሞ ቀጭን መስመር ይጥላል። ጸሓፊው አስቀድሞ ብራናውን በወስፌ ያሰምራል፤ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ይይዛል። በገጹ ራስ ላይ ሐረግ ይሳላል።

ጉልሕ ብራና ይበላል፤ ስለዚህ የባለጸጋ ጽሕፈት ነበር ማለት ይቻላል። ወንጌልና ተአምረ ማርያምን ለመሰሉ፣ በጉባኤ ፊት ቆመው ለሚያነቧቸው መጻሕፍት ግን እጅግ ይስማማል፤ በጧፍ ብርሃንም ዓይን አያደክምም። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካከማቿቸው መጻሕፍት መካከል የጎንደር ሥራዎች ይገኙ ነበር፤ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ብዙዎቹን ወሰደ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

የአምባሰሏ ግሸን ማርያም መጽሐፍ የሚታወቀው በተቃራኒው፣ በደቃቅ ጽሕፈት ነው። በትውፊት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር የሚያያዘውና የግማደ መስቀሉን መምጣት የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት ስሙን ያገኘው እንደ ጤፍ ከደቀቁት ፊደሎቹ ነው።

የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ደማቅ የኮምፒውተር ፎንቶች በዝተዋል፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አንዱ ነው። ለመጽሐፍ ሽፋንና ለማስታወቂያ ያምራሉ። በትንሽ መጠን ሲታተሙ ግን የ«ጨ» እና የ«ጬ» ዓይነት ፊደላት ክፍተታቸው ይደፈናል።